የኋላ ጎማ አውጫጭኝ

ከመኪና አካላት ሁሉ ምስጋና የተነፈገው የኋላ ጎማ ነው። የፊት ጎማ ለመሪ የሚታዘዝ፣ ሲታጠፍ የሚታይና ባለቤቱ በር ከፍቶ በገባ ቁጥር ዓይኑ የሚያርፍበት በመሆኑ የሚገባውን ያህል ክብር ያገኛል፤ ሞተሩም ቢሆን ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር አላፊ አግዳሚው ሁሉ ከቦ በየፊናው ፍርዱን የሚሰጥለት ባለ ብዙ ወዳጅ ነው። የኋላ ጎማን ለማየት ግን መንበርከክ፣ አንገት ማስገባትና ሱሪ ማቆሸሽ ስለሚያስፈልግ፣ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ሞተር ሲመረምር የቆየው መንገደኛ ሁሉ ተራው የኋላ ጎማ ሲሆን ድንገት የቸኮለበት ጉዳይ ትዝ ይለዋል። በዚህም ምክንያት የኋላ ጎማ ችግር የሚታወቀው አንድም ጎማው ሲፈነዳ፣ አንድም ለሌላ ጉዳይ የተጠራ ጎሚስታ ጎማውን ፈትቶ የውስጥ ጎኑን ወደ ባለቤቱ ሲያዞርና ሽቦው ወጥቶ ሲታይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት በመጀመሪያ ጎማ እንዴት ማለቅ እንደሚገባው ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ አዲስ የቤት መኪና ጎማ ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ጥርስ ይኖረዋል፤ ጥርስ የሚባለውም መሬቱን የሚነክሰው፣ በዝናብ ጊዜም ውኃውን በቦዮቹ አሳልፎ የሚያስወጣው የጎማው የላይኛው ገጽ ነው። ጥልቀቱ ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲወርድ በቦዮቹ ወለል ላይ የተሠሩት ትንንሽ ጉብታዎች ከገጹ ጋር እኩል ስለሚሆኑ፣ ጎማው ማለቁን ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። ዋናው ቁም ነገር ግን መበላቱ ሳይሆን አበላሉ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል የተበላ ጎማ አገልግሎቱን ፈጽሞ በክብር የተሰናበተ ሲሆን፣ አንዱ ዳሩ አልቆ ሌላው ዳሩ ገና አዲስ የሚመስል ጎማ ግን ከበላይ አካል በደል የደረሰበት ነው። በደሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሰስፔንሽን ከሚባለው ክፍል ሲሆን፣ ይህም የመኪናውን አካል ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኙት የሞላ፣ የአሞርዛተር፣ የክንድና የቡሽ ስብስብ ነው። ተግባሩም ሁለት ነው፤ አንደኛው የመንገዱን ጉድጓድ የተሳፋሪው ወገብ ላይ ሳይደርስ ማለዘብ፣ ሁለተኛው ደግሞ ጎማው ሁልጊዜ በትክክለኛ አቅጣጫና አቋም መሬቱን እንዲረግጥ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ተግባር ሲጓደል ባለመኪናው ከወገቡ ይሰማል፤ ሁለተኛው ሲጓደል ግን የሚያውቀው ጎማው ብቻ ነው፤ ጎማውም የሚናገረው በመበላት ነው።

ስውር በደለኛን የማውጣት ዘዴ ከጥንትም ነበረ፤ በቀድሞው የኢትዮጵያ ገጠር ፈጻሚው ያልታወቀ ስርቆት ወይም ግድያ ሲደርስ የአካባቢው ነዋሪ ሁሉ በአንድ ሜዳ እንዲሰበሰብ ይደረግና፣ ጥፋተኛው እስኪገለጥ ድረስ ወደየቤቱ እንዳይበተን ይከለከል ነበር፤ ይህም ሥርዓት አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይባል ነበር። ከዚህ ጎን ለጎን ሌባ ሻይ የሚባል ሌላ መንገድም ነበር፤ በዚህኛው ዘዴ አንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር እንዲጠጣ ተደርጎ በሰፈሩ ውስጥ ይመራና፣ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባው አንተ ነህ ተብሎ ዕዳ ይከፍል ነበር። ሌባ ሻይ ከአገሪቱ የፍርድ ሥርዓት ከወጣ ብዙ ዘመን ቢያልፈውም፣ በየጋራዡ ግን እስከ ዛሬ በሙሉ ጤንነት እንደሚኖር የኋላ ጎማ ታሪክ ያስረዳል።

የዚህ የጋራዥ ሌባ ሻይ ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። ጎማው ዳሩ ተበልቶ ሲገኝ የመጀመሪያው ፍርድ በራሱ በጎማው ላይ ይወርዳል፤ «የዘንድሮ ጎማ ጎማ አይደለም» ይባልና አዲስ ይገዛል። አዲሱም በጥቂት ወራት ውስጥ በዚያው ዳሩ ሲበላ መኪናዋ «ጎማ ትበላለች» የሚል ስም ይወጣላታል፤ ስሟም ለገዢ ሳይነገር ትሸጣለች። ለመሸጥ ያልቆረጠ ባለቤት የሚጠቀምበት ሌላው ብልሃት የኋላውን ጎማ ወደ ፊት፣ የፊቱን ወደ ኋላ ማዘዋወር ነው። ጎማ ማዘዋወር በራሱ የሚመከር ጥንቃቄ ሲሆን በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትሩ ቢደረግ ይጠቅማል፤ ሳይመረመር የተዘዋወረ የተበላ ጎማ ግን ቃሉን ሳይሰጥ ከአገር የተባረረ ምስክር ነው። ይህ ጎማ ከፊት ሲታሰር መሪው መንቀጥቀጥ ስለሚጀምር ክሱ ወደ ፊቱ ሰስፔንሽን ይዞርና ምንም ያላጠፋ ዕቃ ተፈትቶ ይጣላል፤ በዚህ መካከል እውነተኛው ጥፋተኛ ከኋላ ተደላድሎ፣ በገዛ ባለቤቱ እጅ የቀረበለትን ጤነኛ ጎማ መብላቱን ይቀጥላል።

በአውጫጭኝ ሥርዓት ምስክር የሚሰማው በቦታው እንዳለ ስለሆነ፣ ማንኛውም ጎማ ከመፈታቱ በፊት በየትኛው ወገን እንደነበረና የውስጡ ጎን የትኛው እንደሆነ በጠመኔ ምልክት ሊደረግበት ይገባል። ምስክርነቱን ማንበብም አስቸጋሪ አይደለም። የጎማው መሐል ብቻ ከተበላ ነፋሱ በዝቷል፣ ሁለቱም ዳሮች ተበልተው መሐሉ ከቀረ ነፋሱ አንሷል ማለት ነው፤ እነዚህ ሁለቱ የሰስፔንሽን ሳይሆኑ የባለቤቱ ጥፋቶች በመሆናቸው በብዙ ቤት መዝገባቸው ቶሎ ይዘጋል። አንዱ ዳር ብቻ፣ በተለይም የውስጠኛው፣ ከተበላ ጥርጣሬው ወደ ካምበር ይሄዳል፤ ካምበር ማለት መኪናው ከኋላ ሲታይ ጎማው ከቀጥታ አቋሙ የሚያዘነብልበት መጠን ሲሆን፣ የጎማው አናት ወደ መኪናው አካል ሲያጋድል አሉታዊ፣ ወደ ውጭ ሲያጋድል አዎንታዊ ይባላል። መዳፍ በጥርሱ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ የሚለሰልስ፣ ሲመለስ ግን የሚቧጭር ገጽ ከተገኘ ጥፋቱ የቶ ነው፤ ቶ የሚባለውም መኪናው ከላይ ቢታይ በአንድ መስመር ላይ ያሉት የግራና የቀኝ ጎማዎች የፊት ጠርዝ እርስ በርሱ የሚቀራረብበት ወይም የሚራራቅበት ልክ ነው። በጎማው ዙሪያ እየጎደጎደና እያበጠ የሚሄድ አበላል ደግሞ ብዙውን ጊዜ የደከመ አሞርዛተር ፊርማ ነው፤ አሞርዛተር የሞላውን ንዝረት በዘይት የሚያበርድ ሲሊንደር እንደመሆኑ፣ ሲደክም ጎማው መሬቱን ረግጦ ከመሄድ ይልቅ እየዘለለ ይሄዳል፤ ባረፈ ቁጥርም ከጥርሱ ጥቂት ትቶ ይነሣል። ባላንስ ያልተደረገ፣ ማለትም ክብደቱ በዙሪያው እኩል ያልተከፋፈለ ጎማም ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳይ ስለሚችል፣ አሞርዛተሩ ከመወቀሱ በፊት ባላንሱ መታየት አለበት።

ሞተራቸውም የሚነዳቸው ጎማም ከፊት በሆኑ ትንንሽ መኪኖች ላይ ኋላው ባዶ ሲሆን ቀላል ስለሆነ፣ ጥቂት የቶ መዛነፍ ከዚህ ቅለት ጋር ሲደመር በኋላ ጎማ ላይ በሰያፍ የተደረደሩ የተበሉ ቦታዎችን ይፈጥራል። ይህ ሰያፍ አበላል ብዙ ጊዜ በዓይን ከመታየቱ በፊት በጆሮ ይታወቃል፤ ከወደ ኋላ የሚመጣ ጉምጉምታ ይሰማል፣ ፍጥነት ሲጨምርም አብሮ ይጨምራል። የጋራዡ ሌባ ሻይ በዚህ ጊዜ በቀጥታ ሄዶ የሚወድቀው ኩሽኔታ ደጃፍ ላይ ነው፤ ኩሽኔታ ጎማው ሳይፈጋ እንዲዞር የሚያደርገው፣ የብረት ኳሶችን ወይም ጥቅሎችን የያዘው ቀለበት ሲሆን፣ ሲያረጅ እርሱም የሚጉመጎም መሆኑ ብቻ ወንጀለኛ አስመስሎታል። የአንዱ ወገን ኩሽኔታ ይለወጣል፣ ጉምጉምታው ይቀጥላል፤ የሌላው ወገንም ይለወጣል፣ ጉምጉምታው አሁንም ይቀጥላል፤ በመጨረሻም የሬዲዮው ድምፅ ከፍ ይደረግና ጉዳዩ እንደተፈታ ይቆጠራል። የጎማንና የኩሽኔታን ድምፅ የሚለየው ፈተና ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ ድምፁ መኪናው ከአንድ ዓይነት የመንገድ ንጣፍ ወደ ሌላ ሲገባ ባሕርዩን ከለወጠ የጎማ፣ መኪናው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያጋድል ከበረታ ወይም ከጠፋ ደግሞ የኩሽኔታ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ተጠርጣሪዎቹ እንደየመኪናው አሠራር ስለሚለያዩ፣ የኋላው ሰስፔንሽን ዓይነት ሳይታወቅ የሚሰጥ ፍርድ ከሌባ ሻይ አይሻልም። ሞተሩ ከኋላ የነበረውና ኢትዮጵያውያን ቮልስ እያሉ የሚጠሩት ቮልስዋገን ለብዙ ዘመን በተሠራበት መልኩ የኋላ ጎማዎቹን የተሸከሙት ሁለት ግማሽ አክስሎች ሲሆኑ፣ እነርሱም የሚታጠፉት ከማርሽ ሳጥኑ አጠገብ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ከኋላ ጭነት ሲበዛበት የጎማዎቹ አናት ወደ ውስጥ ያጋድላል፣ በክሪክ ሲነሣ ደግሞ ጎማዎቹ ከሥሩ ይሰበሰባሉ። የቮልስ ባለቤት ስንት ዘመድ እንደጫነ ለማወቅ ወደ ውስጥ ማየት ሳያስፈልገው የኋላ ጎማውን አቋም ማየት ይበቃው ነበር። ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ የአዲስ አበባን ሕዝብ ያመላለሰው ላዳ በአንጻሩ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል ላይ ስላሰረ፣ ሞላው ቢደክምም ካምበሩ አይነቃነቅም፤ በላዳ ላይ የአንድ ዳር መበላት ሲታይ መጀመሪያ ሊጠየቁ የሚገባቸው የአክስሉ መጣመምና አክስሉን በቦታው የሚይዙት ዘንጎች ቡሽ ናቸው። ወጥ አክስላቸውን በባሌስትራ፣ ማለትም በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች ላይ ያስቀመጡት ሃያስና ሃይሉክስም በካምበር ረገድ የላዳ ዘመዶች ናቸው፤ በእነርሱ ላይ የሚፈራው ባሌስትራውን በመሐል የሚያስረው ብሎን ተቆርጦ አክስሉ ወደ አንድ ወገን ሲንሸራተት ነው።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት የቶዮታ ኮሮላ የቤት መኪኖች ለእያንዳንዱ የኋላ ጎማ የራሱን ክንዶች የሰጡ ሲሆን፣ የኋላውን ቶ ማስተካከያም ነበራቸው። ይህ ማስተካከያ በብዙ መኪና ላይ ማንም ሳይነካው ዝጎ ቀርቷል፤ ፋብሪካውም ይህን የሰማ ይመስል፣ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጡትን ኮሮላዎች እንዲሁም ቪትዝን ማስተካከያ በሌለው ቶርሽን ቢም ላይ አቆማቸው። ቶርሽን ቢም ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኝና በመጠኑ እንዲጠማዘዝ ሆኖ የተሠራ አንድ የብረት ተሸካሚ ሲሆን፣ ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው በሁለት ትልልቅ ቡሾች ነው፤ ቡሽም በብረት ቀለበት ውስጥ የታሸገ፣ ንዝረት የሚያለዝብ ወፍራም ላስቲክ ነው። ቡሹ ሲበጣጠስ መላው ተሸካሚ ከቦታው ይዛነፋል፤ ጎማው የእግረኛ መንገድ ጠርዝን በኃይል ሲመታ ደግሞ ተሸካሚው ራሱ ይጣመማል። በዚህ ጊዜ «ብሎኑን ጠበቅ አድርገህ አስተካክለው» የሚለው ትእዛዝ የሚዞር ብሎን ስለሌለው ባዶ ቃል ነው፤ መፍትሔው በተሸካሚውና በጎማው መቀመጫ መካከል ለዚሁ የተሠራ ስስ የብረት ሽብልቅ ማስገባት ወይም ተሸካሚውን መለወጥ ነው።

ዘመኑ ያመጣቸው የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከዚህ ሸንጎ ነጻ አይደሉም። በባትሪያቸው ምክንያት ከእኩዮቻቸው የነዳጅ መኪኖች ስለሚከብዱና፣ እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ያሉት በመደበኛ አሠራራቸው ሞተራቸው የኋላውን ጎማ ስለሚያሽከረክር፣ የኋላ ጎማቸው ክብደቱንም ጉልበቱንም አንድ ላይ ይሸከማል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ እነዚህ መኪኖች እየበዙ በመሄዳቸው፣ ነዳጅ የማይበላ መኪና የገዛ ሰው ጎማም የማይበላ መኪና የገዛ እንዳይመስለው ማሳሰብ ያስፈልጋል።

ከተጠርጣሪዎቹ ሁሉ በዝምታ ብዙ የሚዘርፈው ቶ ነው። ካምበር አንድ ዲግሪ ያህል ቢያጋድል ብቻውን ጎማውን የሚበላው በዝግታ ሲሆን፣ ብዙ መኪኖችም ከፋብሪካ ሲወጡ የኋላ ጎማቸው በመጠኑ አሉታዊ ካምበር አለው። ጎማው ከጉዞው አቅጣጫ አንድ ዲግሪ ከተዛነፈ ግን በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 17 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፈገፈጋል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደውና 85 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የፍጥነት መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል የሚጠጋ የጎን ጉዞ ይፈጽማል፤ በክፍያ ጣቢያው የሚጠየቀው ግን የቀጥታው ጉዞ ብቻ ስለሆነ፣ የጎኑን ሒሳብ ጎማው ከገዛ ገላው ይከፍላል። መኪና የሚያመራውም ፊቱ ወዳየበት ብቻ ሳይሆን ኋላው ወደሚገፋበት ጭምር በመሆኑ፣ የኋላው አክስል ሲዛነፍ ነጂው መሪውን ወደ አንድ ወገን ጠምዝዞ ካልያዘ መኪናው ቀጥ አይልም፤ እርሱ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሲመስለው ከኋላው የሚከተለው ነጂ የመኪናውን አንድ ጎን አብሮ ያያል። ስለዚህ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎችን አቅጣጫና አቋም በመሣሪያ ለክቶ ማስተካከል፣ ለፊቶቹ ሁለት ጎማዎች ብቻ ሲደረግ ፊቱ ለተጣመመው ኋላ እንዲታዘዝ ይደረጋል እንጂ መኪናው አይድንም፤ ከኋላ የመጣ ዓይን አወጣ የሚባለውም በእንዲህ ያለው አሠራር ሳይደርስ አይቀርም።

አውጫጭኙ ከጋራዥ በፊት በግቢ ውስጥም ሊጀመር ይችላል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ የኋላ ማዕዘኑ ወደ ታች ተገፍቶ ሲለቀቅ ተነሥቶ መርጋት ሲገባው ደጋግሞ የሚናጥ ከሆነ፣ ወይም የአሞርዛተሩ ገላ በፈሰሰ ዘይት ርሶ አቧራ ከለበሰ፣ ተጠርጣሪው ሳይጠየቅ አምኗል ማለት ነው። ከመሬት እስከ ጎማው ማቀፊያ ቅስት ያለው ከፍታ በግራና በቀኝ ሲለካ ጉልህ ልዩነት ካለው አንዱ ሞላ ደክሟል ወይም ተሰብሯል፤ መሪው ቀጥ ተደርጎ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት በሁለቱም ወገን ሲለካ ጉልህ ልዩነት ካሳየ ደግሞ አክስሉ ከቦታው መንሸራተቱ ይጠረጠራል። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በጽኑ ድጋፍ ላይ ካረፈ በኋላ ጎማው በሰዓት ገጽ ላይ 12 እና 6 በሚገኙባቸው ሁለት ቦታዎች ተይዞ ሲነቀነቅ የሚላላ ከሆነ ኩሽኔታው ይጠየቃል፤ በዚህ ፈተና የአበሻና የፈረንጅ ሰዓት ልዩነት ችግር አይፈጥርም፣ ቁጥሮቹ ቦታ ቢለዋወጡም የሚያዙት ቦታዎች ያው ሁለቱ ናቸውና። ለሚኒባስ ታክሲ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ምስክር አለ፤ የመጨረሻው ወንበር ተሳፋሪ የአሞርዛተሩን ጤንነት ከማንም በፊት በአከርካሪው ያውቃል፤ ነገር ግን ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ከማለት በቀር ቃሉን ስለማይመዘግብለት፣ ከትርፍ ተሳፋሪው ጋር ተጨናንቆ ባሌስትራውን ማጎንበስ ዕጣው ነው።

ጥፋተኛው ከታወቀ በኋላም ፍርዱን የሚያጎድል ፈተና ገበያ ላይ ይጠብቃል። መርካቶ ሱማሌ ተራ ድረስ ሄዶ ከሌላ መኪና በተፈታ አሞርዛተር ዋጋ የሚከራከር ባለቤት፣ ዋጋው ሲከብደው «አንዱን ብቻ ስጠኝ» ማለቱ የተለመደ ነው፤ አሞርዛተርና ሞላ ግን በአንድ አክስል ላይ በጥንድ ካልተለወጡ አንዱ ወገን ብርቱ፣ ሌላው ወገን ደካማ ሆኖ ጎማ የመብላቱ ሥራ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። እንደዚሁም የተበላው ጎማ አንዴ ቅርፁ ከተዛባ ሰስፔንሽኑ ቢታደስም ወደ ጤናው አይመለስም፤ ጉምጉምታውም ስለሚቀጥል፣ መካኒኩ በትክክል የሠራውን ሥራ እንዳልሠራ ቆጥሮ ሌላ ጋራዥ የሚሄድ ባለመኪና ጥቂት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ አጭር ነው። በመጀመሪያ የጎማው ነፋስ ይለካ፤ ቀጥሎ ጎማው ሳይፈታና ሳይዘዋወር አበላሉ ይነበብ፤ ከዚያ የላሉ ቡሾችና ኩሽኔታዎች፣ የደከሙ ሞላዎችና አሞርዛተሮች ይለወጡ፤ ከዚያ የአራቱም ጎማ አላይመንት ይሠራ፤ አዲስ ጎማ የሚገዛው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ጎማውን አስቀድሞ የሚገዛ ባለመኪና በየዓመቱ ምስክሩን እየቀበረ ወንጀለኛውን ይቀልባል።